ውሃ ውስጥ የተጣለ የባትሪ ድንጋይ ደለሉን ምን አረገው? የናሙና ዕቅድ ከሀ እስከ ፐ፣ ጎንደር ላላችሁ

ይሄን አይነት ርዕስ ለመመረቂያ ጽሁፍ ወይ ለፕሮጀክት የያዘ ሰው መጀመሪያ ሚጠይቀው "ስንት ናሙና ልውሰድ?" ብሎ ነው። እኔ ደሞ መልሼ "ከምን ጋር ልታወዳድረው ነው?" እላለሁ። ጎንደር እኮ ባዛልት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፣ ባዛልት ሲበሰብስ ኒኬሉን፣ ክሮሚየሙን፣ ዚንኩን፣ ኮፐሩን፣ ማንጋኒዙን ይዞ ነው ወደ ወንዝ ሚወርደው። ከቀሃ ወይ ከአንገረብ ወንዝ አንድ ላስቲክ ጭቃ ዝቃችሁ ላብ ብታስገቡ ሄቪ ሜታል አለበት ይላችኋል፣ አዎ አለበት፣ ተራራው የሰጠው ነው። ባትሪው የጨመረውን ከተራራው ለይቶ ሚያሳይ ዕቅድ ከሌላችሁ መቶ ናሙና ብትወስዱም ገንዘባችሁን ወንዝ ጣላችሁት ማለት ነው።

ስለዚ ከዚህ በታች ያለው በሙሉ የተጻፈው ያንን መለየት እንዲቻል ነው።

1. የትኛው ባትሪ ነው?

ባትሪ ሁሉ አንድ አይደለም፣ ላብ ምን እንዲለካላችሁ ምታዙት በዚህ ነው ሚወሰነው። የመኪናና የባጃጅ ባትሪ ውስጡ እርሳስ ስለሆነና እርሳስ ስለሚሸጥ ቆራሌው ቀድሞ ያነሳዋል፣ ሙሉውን ወንዝ ውስጥ ማግኘት ከባድ ነው። እሱን ፍለጋ መሄድ ያለባችሁ ባትሪ ሚጠገንበትና አሲድ ሚደፋበት ጋራዥ ቦዩ ወንዙን ሚቀላቀልበት ቦታ ነው። ለእጅ ባትሪና ለሬዲዮ ሚሆነው ትልቁ ድንጋይ ግን ገዢ የለውም። ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ በጥርስ ይነከሳል፣ ትንሽ ይሰራበታል፣ ከዛ ወይ አጥር ጥግ ወይ ቦይ ውስጥ ነው፣ ክረምት ሲመጣ ደሞ ጎርፉ ጠራርጎ ወንዝ ያገባዋል።

ተራው ድንጋይ ማለት የዚንክ ቆርቆሮ፣ መሀሉ የካርቦን ዘንግ፣ ዙሪያው ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ያለበት ጥቁር ሊጥ፣ ውስጡ የአሞኒየም ክሎራይድ ወይ የዚንክ ክሎራይድ ጨው ነው። የድሮዎቹ ላይ ትንሽ ትንሽ ሜርኩሪ፣ ካድሚየምና እርሳስም ይኖራል። አልካላይን ሚባለው ዚንክና ማንጋኒዙ እንዳለ ሆኖ ውስጡ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፣ ውጩ ኒኬል የተቀባ ብረት። ቻርጅ ሚደረገው የድሮው ኒኬል ካድሚየም፣ የስልኩ ሊቲየም ደሞ ኮባልት፣ ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮፐር አለው። የመኪናው እርሳስና ብዙ ጊዜ አንቲሞኒ። እንግዲህ ዚንክና ማንጋኒዝ አብረው ከወጡ አንድ ነገር ይጠቁማል፣ እርሳስና አንቲሞኒ አብረው ከወጡ ሌላ፣ ካድሚየምና ኒኬል ከሆነ ደሞ ሌላ። ላብ ላይ አንድ ብረት ብቻ አታስለኩ፣ ቤተሰቡን ነው ሚያስፈልጋችሁ።

2. ወንዝ ከመውረዳችሁ በፊት ወረቀት ላይ አስሉት

ይሄን ሰው ይዘለዋል፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ጊዜ ብታጠፉ እላለሁ። አንድ ትልቅ ድንጋይ ውስጥ ለስሌት ያህል 15 ግራም ዚንክ አለ ብለን እንያዝ፣ ማለትም 15,000 ሚሊ ግራም። ዚንኩ በሙሉ ወጥቶ 1 ካሬ ሜትር ላይ ላዩን 5 ሴንቲ ሜትር ደለል ውስጥ ተቀላቀለ እንበል። 1 ካሬ ሜትር በ5 ሴንቲ ሜትር 50 ሊትር ነው፣ አንዱ ሊትር ደርቆ 0.8 ኪሎ ቢመዝን 40 ኪሎ ደረቅ ደለል ይሆናል። 15,000 ለ40 ሲካፈል 375 ሚሊ ግራም በኪሎ ጨመረ ማለት ነው፣ ይሄ በደንብ ይታያል። ያው ድንጋይ ግን 10 በ10 ሜትር ላይ ቢበተን ጭማሪው 4 እንኳን አይሞላም፣ ያንን ደሞ ከባዛልቱ የተፈጥሮ መለያየት ውስጥ ማንም ነቅሶ አያወጣውም።

ከዚህ ስሌት ሚወጣው ነገር ቀላል ነው። ነጠላ ድንጋይ ያለበትን ቦታ በ20 ሜትር ርቀት ናሙና ብትበትኑ ምንም አታገኙም፣ ጥፋቱ ያለው ግማሽ ሜትር ውስጥ ነው። ብዙ ድንጋይ የተከማቸበት ከሆነ ደሞ በቁጥሩ አባዙትና ክቡ እስከ የት ሊሰፋ እንደሚችል ገምቱ፣ ርቀታችሁን ከዛ ተነስታችሁ ወስኑ።

3. ቦታውን በእግር እዩት

በጋ ላይ፣ ከታህሳስ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ውሃው ሲያንስ፣ ወንዙን ተከትላችሁ ሂዱ። ድልድይ ስር፣ ከገበያ ሚመጣ ቦይ ሚገባበት፣ ውሃው ሚዞርበትና ሚተኛበት ጥግ። ቀሃ ላይ ምትሰሩ ከሆነ የጥምቀት ሰሞንን ዝለሉት፣ የፋሲል መዋኛ ሚሞላው ከቀሃ ስለሆነ የወንዙ አፈሳሰስ እንደ ሌላው ቀን አይሆንም፣ ሰዉም ብዙ ነው።

ልብስ ሚያጥቡ እናቶችን ጠይቁ። "እትዬ፣ የሬዲዮ ድንጋይ ሚበዛበት የቱ ጋ ነው?" ስትሏቸው ከየትኛውም ካርታ በተሻለ ያሳዩዋችኋል፣ ልጆቹ ደሞ የካርቦኑን ዘንግ ለመጻፊያ ስለሚፈልጉት የት እንዳለ ያውቃሉ። የድንጋይ ቅርፊት ብዙ ጊዜ ብረት ስላለበት ጠንካራ ማግኔት በገመድ አስራችሁ ድፍርስ ውሃ ውስጥ መጎተትም ይረዳል፣ ግን ባዛልቱ ራሱ ማግኔታይት ስላለው ማግኔቱ በጥቁር አሸዋ ተሸፍኖ ይወጣል፣ እንዳትደናገጡ።

ያገኛችሁትን ድንጋይ አታንሱ! ፎቶ አንሱ፣ በስልክ ጂፒኤስ ያዙ፣ አይነቱንና ሁኔታውን ጻፉ፦ ሙሉ ነው፣ ዝጎ ተበስቷል፣ ወይስ ሊጡ ወጥቶ ባዶውን ነው። መጀመሪያ ደለሉ ይወሰዳል፣ ድንጋዩ ሚነሳው ከዛ በኋላ ነው፣ ቀድማችሁ ካነሳችሁት ስሩ ያለው ጥቁር ነገር ተበትኖ በውሃ ይሄዳል፣ እናንተ ልትለኩት የመጣችሁት ደሞ እሱኑ ነው።

4. ማወዳደሪያ ቦታ፣ አንድ ሳይሆን ሁለት አይነት

የዕቅዱ ልብ እዚህ ነው። ብዙ ሰው "ከከተማው በላይ" ያለ ንጹህ ቦታ ይወስድና ከታች ካለው ጋር አወዳድሮ ልዩነቱን ለባትሪ ይሰጣል። ችግሩ ምንድነው፣ የጎንደር ቤት ጣራ ቆርቆሮ ነው፣ ቆርቆሮ ደሞ በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከጣራው ዚንክ እየታጠበ ወደ ቦይ ይወርዳል። የመኪና ጎማ ውስጥም ዚንክ ኦክሳይድ አለ፣ አስፋልቱ ላይ ሚቀረው ብናኝ የትም አይሄድም፣ ወንዝ ነው ሚገባው። እርሳሱም እንደዛው ነው፣ ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን የተወው እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ነው፣ ከዛ በፊት የወጣው አፈር ውስጥ አለ። ስለዚ ከከተማው በላይና በታች ያለው ልዩነት የከተማው በሙሉ እንጂ የባትሪው ብቻ አይደለም።

መፍትሄው ሁለት ማወዳደሪያ መያዝ ነው። አንደኛው ከከተማው በላይ፣ ባዛልቱ ብቻ ያለበት። ሁለተኛው ከተማ ውስጥ ሆኖ ጣራም መኪናም ያለበት ግን ባትሪ ያላያችሁበት፣ ከክምችቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢሆን ይመረጣል። የመጀመሪያው ተራራውን ይነግራችኋል፣ ሁለተኛው ከተማውን፣ ከዛ በላይ ያለው ነው የባትሪው። እያንዳንዱ አይነት ቢያንስ በ3 የተለያየ ቦታ ይሁን እንጂ አንድ ጉድጓድ ውስጥ 3 ጊዜ ጭልፋ ማግባት 3 ቦታ አይባልም። ደሞ የደለሉ ልመት ይመሳሰል፣ ብረት ሚይዘው ለስላሳው ጭቃ ስለሆነ ከላይ አሸዋ፣ ከታች ጭቃ ወስዳችሁ ካወዳደራችሁ ያወዳደራችሁት አሸዋና ጭቃን ነው።

5. አቀማመጡ

ክምችቱን መሀል አድርጉና ወደ ታች በውሃው አቅጣጫ 0፣ 0.5፣ 1፣ 2፣ 5፣ 10፣ 25 ሜትር ላይ ነጥብ አስቀምጡ፣ ወደ ጎን ሁለቱንም እስከ 2 ሜትር፣ ወደ ላይ ደሞ 1 እና 5 ሜትር ይበቃል። ግድብ ወይ ሐይቅ ላይ ከሆነ ውሃው ወደ አንድ ጎን ስለማይፈስ በአራቱም አቅጣጫ እኩል ሂዱ። ወንዝ ላይ ርቀቱን በጭፍን አትከተሉት፣ 10 ሜትር ላይ ያለው ቋጥኝ ከሆነ ደለል የተኛበት 12 ሜትር ላይ ሂዱና ትክክለኛውን ርቀት ጻፉ፣ በቃ።

ስንት ድግግሞሽ? ቀለል ያለ ስሌት አለ። በማወዳደሪያው ቦታ ቁጥሮቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚለያዩ (ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን) ውሰዱ፣ ማየት ለምትፈልጉት ትንሹ ልዩነት አካፍሉት፣ ያንን በራሱ አባዙ፣ ከዛ በ15.7 አባዙ። ዚንክ በ30 ሚሊ ግራም በኪሎ ሚለያይ ከሆነና የ40 ልዩነት ማየት ከፈለጋችሁ 0.75 በራሱ ሲባዛ 0.56፣ በ15.7 ወደ 9 ይመጣል፣ ከየቡድኑ 9 ማለት ነው። ይሄ በ95 ከመቶ እርግጠኝነትና በ80 ከመቶ የማየት አቅም ሚሰራ ነው። 30 ሚለውን ከየት ታመጣላችሁ? መጀመሪያ 5 ወይ 6 ናሙና ለሙከራ አስለኩ። ገንዘቡ የለም ካላችሁ ነጥቦቹን ቀንሱ እንጂ ድግግሞሹን አትቀንሱ፣ 12 ነጥብ አንድ አንድ ጊዜ ከመለካት 4 ነጥብ በደንብ መለካት ይሻላል።

ማቀላቀልን በተመለከተ ደሞ፣ የባትሪ ብክለት ነጠብጣብ ነው፣ ከሩቅና ከቅርብ ያለውን አንድ ባልዲ ውስጥ ካማሰላችሁት ትልቁ ቁጥር ይጠፋል። ምፈቅደው በግማሽ ሜትር ውስጥ 3 ጭልፋ አንድ ማድረግን ብቻ ነው፣ እሱም ማወዳደሪያው ላይም ክምችቱ ላይም እኩል ከተደረገ።

6. ዕቃው፣ በተለይ ዚንኩን እናንተ እንዳታመጡት

ምትፈልጉት ዚንክ ሆኖ ሳለ ጋልቫናይዝድ (በዚንክ የተለበጠ) ባልዲና አካፋ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ነገሩ ከመጀመሩ አለቀ። ጥቁር የጎማ ቡሽ ውስጥም ዚንክ ኦክሳይድ አለ፣ ዱቄት ያለው የላቴክስ ጓንትም እንደዛው ሊሆን ይችላል፣ ዱቄት የሌለው ናይትራይል ጓንት አድርጉ። ጭልፋው ፕላስቲክ ይሁን። ለኮር (ደለሉን እንደተደራረበ በቱቦ ለማውጣት) ውድ ዕቃ ከሌላችሁ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ሚገኘውን የፒፒአር ቱቦ ወፍራሙን ግዙ፣ ፒቪሲው ላይ ግን ሲሰራ እርሳስ ሊገባበት ስለሚችል እሱን ተዉት። ሁሉንም በሳሙና፣ በቧንቧ ውሃ፣ ከዛ 10 ከመቶ ናይትሪክ አሲድ ውስጥ አሳድራችሁ፣ በመጨረሻ በዲስቲልድ ውሃ እጠቡት። ባዶ ዕቃውን ያጠባችሁበትን ዲስቲልድ ውሃ አንድ ጠርሙስ ይዛችሁ እንደ ናሙና ላብ አስገቡት፣ ዕቃችሁ ራሱ ብረት እየሰጠ ከሆነ ሚያጋልጠው እሱ ነው።

ጎርጎራ ወርዳችሁ ጣና ላይ ምትሰሩ ከሆነ ግራብ (በገመድ ወርዶ ደለሉን ዘግኖ ሚዘጋ መንጋጋ) ያስፈልጋችኋል፣ ለለስላሳ ጭቃ ኤክማን ሚባለው፣ አሸዋና ጠጠር ላለበት ፖናር ሚባለው። ጣና ጥልቅ አይደለም፣ በአማካይ ከ10 ሜትር በታች ነው፣ ግን ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ጭቃውን ይበጠብጠዋል፣ ጀልባውም አይቆምላችሁም፣ ጠዋት ጨርሱ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ የታየው እምቦጭ የተኛበት ቦታ ላይ ከሆናችሁ ጻፉት፣ ሲበሰብስ ደለሉ ውስጥ ኦርጋኒክ ነገሩን ስለሚጨምር ብረት አያያዙን ይቀይረዋል።

ስለ ጤና አንድ ነገር፣ የአካባቢው ወንዞችም ጣናም ቢልሃርዚያ አለባቸው፣ በባዶ እግር አትግቡ፣ ረጅም ቦት ወይ ዌደር (ከቦት ጋር የተያያዘ ውሃ ማያስገባ ሱሪ) አድርጉ። ብቻችሁን አትግቡ፣ ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬት ይኑር። ውስጡ የፈሰሰ አልካላይን ባትሪ ቆዳ ያቃጥላል፣ አይንን ደሞ አትጠይቁኝ።

7. አወሳሰዱ

ከታች ወደ ላይ ሂዱ፣ ማለትም በውሃው አቅጣጫ መጨረሻ ካለው ነጥብ ጀምራችሁ ወደ ክምችቱ፣ ከላይ ከጀመራችሁ ያደፈረሳችሁት ወደ ቀጣዩ ነጥብ ይወርዳል። ማወዳደሪያውን በሌላ ቀን ወይ በሌላ ንጹህ ዕቃ። ግራቡ ሲወጣ አፉ በደንብ ካልተዘጋ፣ ላይ ያለው ውሃ ድፍርስ ከሆነ ወይ ጭቃው ተገልብጦ ከታየ ጣሉትና ድገሙ። ጥሩ ከሆነ ውሃውን ቀስ ብላችሁ አፍስሱ፣ የግራቡን ግድግዳ ያልነካውን መሀሉን ብቻ፣ ላዩን 5 ሴንቲ ሜትር ውሰዱ፣ 200 ግራም ያህል ይበቃል። ቀለሙን፣ ሽታውን፣ ጥቁር ሊጥ ወይ የዛገ ቅርፊት ካለ ጻፉ። ናሙና ውስጥ የባትሪ ቁራጭ ከገባ አውጡት ግን ለብቻው አስቀምጡና መዝግቡ፣ አንዲት የዚንክ ፍርፋሪ ላብ ገብታ ቁጥሩን ሰማይ ልታወጣው ትችላለች።

መለያውን በመጻፊያ እርሳስ ጽፋችሁ በሁለተኛው ላስቲክና በመጀመሪያው መሀል አድርጉት፣ እስክሪብቶ በውሃ ይለቃል። ከ10 ናሙና አንዱን ሁለቴ ውሰዱና ለላቡ ሳትነግሩ በሌላ ቁጥር አስገቡ።

8. አንገረብ ላይ ከሆነ፣ ኮር

የአንገረብ ግድብ በደለል ሚታማ ግድብ ነው፣ ደለሉ በየክረምቱ ይደራረባል። ይሄ ማለት ከዓመታት በፊት የገባ ድንጋይ አሁን ላዩ ላይ የለም፣ ተቀብሯል፣ ላዩን 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወስዳችሁ "ንጹህ ነው" ብትሉ የነገራችሁን የቅርቡን ክረምት ታሪክ ብቻ ነው። ከተማው ሚጠጣው ውሃ ስለሆነ ደሞ መጀመሪያ ከውሃ አገልግሎቱ ፈቃድ፣ ያለሱ ጀልባም ቱቦም እንዳታስገቡ።

ቱቦውን ቀጥ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አስገቡ፣ በመዶሻ ስትመቱት ጭቃው ይጨማደዳል፣ ውስጥ የገባውን ርዝመትና ቱቦው የሰመጠበትን ለኩና ልዩነቱን ጻፉ። ላዩን 10 ሴንቲ ሜትር በየ1 ሴንቲ ሜትር፣ ከዛ በታች በየ2 ቁረጡ፣ ከየቁራጩ ቱቦውን የነካውን ዳር ላጡና ጣሉት። ማንጋኒዝን እዚጋ ጠርጥሩት፣ ኦክስጅን በሌለበት ጥልቅ ጭቃ ውስጥ ሟሙቶ ወደ ላይ ይወጣና ላዩ ላይ ተመልሶ ይረጋል፣ ስለዚ ላዩ ላይ የማንጋኒዝ ጉብታ ስላያችሁ ብቻ ባትሪ ነው አትበሉ፣ ዚንኩ አብሮት ካልወጣ ባትሪ አይደለም።

9. እስከ ላብ፣ ላብ ውስጥ

በበረዶ ሳጥን፣ 4 ዲግሪ ላይ። ለሜርኩሪ በ28 ቀን ውስጥ መለካት አለበት፣ ሌሎቹ እስከ 6 ወር ይቆያሉ። ሜርኩሪ ሚለካውን ከ40 ዲግሪ በላይ አታድርቁ፣ ይተናል። የደረቀውን በናይለን ወንፊት 63 ማይክሮን አጥልሉ (የነሐስ ወንፊት ውስጡ ኮፐርና ዚንክ ነው፣ በስንት ልፋት ጠብቃችሁ መጥታችሁ እዚህ እንዳታበላሹት)። ከዛ ብረቱን ከደለሉ ሚያሟሟው አኳ ሪጂያ፣ ማለትም 3 እጅ ሃይድሮክሎሪክ ለ1 እጅ ናይትሪክ። መለኪያው ፍሌም ኤኤኤስ (ናሙናውን በእሳት ነበልባል ሚለካው ማሽን) ከሆነ ዚንክና ማንጋኒዝ ላይ ችግር የለም፣ ካድሚየም ግን መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ግራፋይት ፈርነስ ወይ አይሲፒ ሚባሉት፣ ትንሽ መጠን ሚያዩ ማሽኖች፣ ያስፈልጋሉ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ትንሹ መለካት ሚችሉት ስንት እንደሆነ ጠይቁ፣ ለካድሚየም ከ0.3 ሚሊ ግራም በኪሎ በላይ ካሏችሁ ሌላ ላብ ፈልጉ። ሰርቲፋይድ ሪፈረንስ ማቴሪያል (የብረት መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና) አብሮ እንዲለካ አስገድዱ። በ550 ዲግሪ አቃጥሎ ሚታወቀውን ኦርጋኒክ መጠንና የልመት ልኬቱን አትዝለሉ፣ ርካሽ ናቸው።

10. ቁጥሩን ማንበብ

ብዙ ጽሁፍ ላይ ምታዩት ማክዶናልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት የንጹህ ውሃ ደለል መመዘኛ ነው። ለዚንክ ዝቅተኛው 121፣ ከፍተኛው 459 ነው፣ ለእርሳስ 35.8 እና 128፣ ለካድሚየም 0.99 እና 4.98፣ ለኒኬል 22.7 እና 48.6፣ ለሜርኩሪ 0.18 እና 1.06፣ ሁሉም ሚሊ ግራም በኪሎ ደረቅ። ከዝቅተኛው በታች ከሆነ ጉዳት አይጠበቅም፣ ከከፍተኛው በላይ ከሆነ ይጠበቃል። ግን የሰሜን አሜሪካ ቁጥር ነው፣ የባዛልት ደለል ኒኬል ላይ ያለ ምንም ባትሪ ሊያልፈው ይችላል፣ ስለዚ ከማወዳደሪያችሁ ጎን ለጎን እንጂ ለብቻው ፍርድ አትስጡበት።

አልሙኒየም ለስላሳው ጭቃ በበዛበት ስለሚበዛ፣ ልመቱን ለማስተካከል ዚንኩን ለአልሙኒየም አካፍሉ። ለምሳሌ ያህል ክምችቱ ጋ ዚንክ 310፣ አልሙኒየም በኪሎ 62 ግራም ቢሆን 5 ይመጣል፣ ማወዳደሪያው ላይ 130 ለ65 ሲሆን 2፣ 5 ለ2 ሲካፈል 2.5 እጥፍ። ብዙ ሰው ከአልሙኒየም ይልቅ በብረት (አይረን) ያካፍላል፣ እዚህ ስራ ላይ ግን አይሆንም፣ የድንጋዩ ቅርፊት ዝጎ ደለሉ ውስጥ ብረት ስለሚጨምር ማካፈያውም አብሮ ያድግና ብክለቱን ይደብቀዋል። አኳ ሪጂያ አልሙኒየሙን በሙሉ አያሟሟም፣ ቢሆንም ሁሉም ናሙና በአንድ አይነት ከተሰራ ለማወዳደር ይበቃል፣ ሪፖርቱ ላይ ብቻ ግልጽ አድርጉት።

ከዛ ዚንኩን ከርቀቱ ጋር በግራፍ አስቀምጡ። ከባትሪ ከሆነ ክምችቱ ጋ ከፍ ብሎ በጥቂት ሜትር ውስጥ ወደ ከተማው ማወዳደሪያ ይወርዳል። ከጣራ ከሆነ ግን እስከ 25 ሜትር ድረስ ያው ቁጥር ነው፣ መውረድ ብሎ ነገር የለም። ዝንፍ ዝንፍ ካለና መስመር ካልያዘ ምናልባት ክረምቱ አንቀሳቅሶታል፣ ጥቅምት ላይ ወንዙ ሲረጋ እነዛኑ ነጥቦች ድገሟቸው።

የለቀማችሁትን ድንጋይ መልሳችሁ ገንዳ አታስገቡ፣ ክዳን ባለው ፕላስቲክ ባልዲ ደረቅ አሸዋ ውስጥ አድርጉ፣ የሊቲየሙንና የመኪናውን ለብቻ ለዩ። ከየናሙናው ደሞ ግማሹን ላብ ሳታስገቡ ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት፣ መርማሪው ወይ አማካሪያችሁ "ይሄ 310 እውነት ነው?" ያለ ቀን ድጋሚ ምትለኩት እሱን ነው።